የቆሻሻው ፈንድ ጸሐፊ

እንዳላማውን የማያውቅ ሰው ከሩቅ ሲያየው ትልቅ ሰው ይመስለዋል። ነጭ ጋቢውን ከኮቱ ላይ ደርቦ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚሄደው። ቀረብ ብሎ ያየው ደግሞ ጫማው ጭቃ ነክቶት እንደማያውቅ ያስተውላል። በእኛ ከተማ፣ በእኛ ክረምት፣ ጫማው ጭቃ ያልነካው ሰው ማለት ሥራ የማይሠራ ሰው ማለት ነው። እኔ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለማውቀው ትልቅ ሰው መስሎኝ አያውቅም።

ከተማችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ስሟን አልጠራም፤ የሚያውቃት ያውቃታል፣ የማያውቃትም አልቀረበትም። እኔ የዓለምዘርፍ እባላለሁ። ከማዘጋጃ ቤቱ በር ፊት ለፊት ሱቅ አለኝ፤ ገመድ፣ ሳሙና፣ ጨው፣ ባትሪ ድንጋይ፣ የተገኘውን ሁሉ እሸጣለሁ። ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚገባ ሰው በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ተናዶ የሚወጣውም እኔ ጋ መጥቶ ነው ውኃ የሚጠጣው።

እንዳላማው የሲናን ሰው ነው፤ ከሮብ ገበያ ወዲያ፣ ጮቄ ሥር ተወለደ። አባቱ ቅኔ ይማርልኝ ብለው ወደዚህ ሰደዱት። ያኔ አኮፋዳውን አንግቶ እናቴ ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ ቁራሹን የማቀብለው እኔ ነበርኩ። በዚህ አላሾፍበትም። ለምኖ መማር ክብር እንጂ ነውር አይደለም፤ ስንቱ ሊቅ እንዲያ ነው ያደገው። እኔ የማሾፍበት ለምኖም ስላልተማረ ነው። የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ ከዚያ ሦስት ቤት፣ ከዚያ አምስት ቤት እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። እንዳላማው ከጉባኤ ቃና ንቅንቅ አላለም። የእናቴን እንጀራ ስንት ክረምት በልቶ ሁለት ቤት! የኔታም በየቀኑ ሲያርሙት፣ በየቀኑ ሲያርሙት፣ መታረሙ ሰለቸውና አኮፋዳውን ጥሎ ማታ ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያም ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ።

እዚያ የሚያርመው የኔታ የለም። ስለዚህ ሊቅ ሆነ። ማንኛውም ማስታወቂያ ከእሱ እጅ ሲወጣ ሰምና ወርቅ ካልኖረው እንቅልፍ አይወስደውም። አንድ ጊዜ ያበደ ውሻ ሰው ነከሰና «ውሻችሁን እሰሩ» ብለህ ጻፍ አሉት። ምን ብሎ ለጠፈ? «ደጅ የሚጠብቁ ሁሉ ከነገ ጀምሮ ይታሰራሉ።» የአካለ ወልድ ሆቴል ዘበኛ ያቺን ማስታወቂያ አስነብቦ በዚያው ሌሊት ዱላውን ይዞ ሉማሜ ገባ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። «ምነው እንዳላማው፣ ውሻ ብትል ምን ነበረበት?» ብዬ ብጠይቀው ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተክሎ፣ «እትዬ፣ ውሻ የሚል ቃል ከእኔ ብዕር አይወጣም» አለኝ። የተናገረውንም አይመልስም። አንዴ ከጻፈ ጽፏል። ቅኔ የዘረፈ ሰው ቃሉን አያጥፍም ይላል፤ አንዲት ቅኔ ሳይታረም ዘርፎ የማያውቀው ሰውዬ!

ይህን ሰው ነው እንግዲህ የቆሻሻው ፈንድ ጸሐፊ ያደረጉት።

ፈንዱ የመጣው ከሚሊኒየሙ ማግስት ነው። ነገሩ ውስብስብ አይደለም፤ ውስብስብ ያስመሰሉት እነሱ ናቸው። ገንዘቡ ከሦስት ቦታ ነው የሚመጣው። ቧንቧ ያለው ቤት ሁሉ ከውኃ ሂሳቡ ጋር «የጽዳት» እየተባለ ይከፍላል፤ ውኃው ሳምንት ሙሉ ባይመጣም የጽዳቱ ሂሳብ ቀርቶ አያውቅም። እኛ ነጋዴዎች ደግሞ ንግድ ፈቃድ ስናሳድስ የጽዳቱን ካልከፈልን ማኅተም አይመታልንም። በዚህ ላይ ባሕር ዳር ቢሮ ያለው አንድ የውጭ ድርጅት፣ ከተማው ከነዋሪው በሰበሰበው ልክ ከራሱ ይጨምራል። ከዚህ ሁሉ ለቆሻሻ መጣያው ጉድጓድና ለደመወዝ የሚሄደው ሄዶ፣ የተረፈው በዓመት አንድ ጊዜ ማስታወቂያ ይወጣበትና ተወዳድረው ላሸነፉ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች «ድጋፍ» ተብሎ ይሰጣል። ድጋፉ ጥሬ ገንዘብ አይደለም። ፈረስና ጋሪ ነው፤ በርሜል፣ አካፋ፣ ቦት ጫማ ነው። ነጥብ የሚሰጥ ኮሚቴ ተቋቋመና እኔንም የነጋዴው ተወካይ ብለው አስገቡኝ። የገባሁት አንድ ነገር ፈልጌ ነው፤ ያንን ፈረስና ጋሪ የብርጓል እንድታገኝ።

የብርጓል ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ይዛ ወደ ከተማችን የመጣች ሴት ናት። መሰሎቿን ሴቶች ሰብስባ «ንጋት» የሚባል የጽዳት ማኅበር አቋቋመች። ከገበያው እስከ መናኸሪያው ያለውን ይጠርጋሉ፣ በየቤቱ እየዞሩ ቆሻሻውን በማዳበሪያ ጆንያ ይሞላሉ፣ ከዚያ በጀርባቸው አዝለው ከከተማው ውጭ ካለው ጉድጓድ ድረስ ይወስዳሉ። ዳገቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። በክረምት ጆንያው ውኃ ጠጥቶ ሬሳ ያክላል። የብርጓል ወገቧን ሲቆርጣት ከርሞ ማርቆስ ሆስፒታል ሄደች። ሐኪሙ ሳይለባብስ ነገራት፤ ሸክም ካላቆምሽ እግርሽ አይታዘዝልሽም አላት። ከዚያ ተመልሳ ሱቄ ደጃፍ ላይ ተቀመጠችና «ሸክም ባቆምስ ልጆቼን ምን ላብላ፣ እትዬ? ጋሪ ብቻ ቢኖረን ወገቤም ባረፈ፣ ሥራዬም ባልቀረ» አለችኝ። ሌላ ምንም አልፈለገችም። አንድ ፈረስ፣ አንድ ጋሪ።

በከተማው ውስጥ ቆሻሻ በማኅበር የሚሰበስብ ከእነሱ ሌላ የለም። ሊወዳደራቸው የሚችል ሰው ስለሌለ ድጋፉ የእነሱ ነው ብዬ ተኝቼ አደርኩ። የእንዳላማውን ብዕር ረስቼው ነበር።

ጠዋት ማስታወቂያው ተለጥፎ አገኘሁት። ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ እንዲህ ነው የሚለው፦ «በማኅበር ጸንተው፣ በአንድ ልብ ተሰብስበው፣ ያላቸውን ተካፍለው ለኖሩ ድጋፍ ስለሚሰጥ እንድትመዘገቡ።» ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ቆሻሻ የሚል ቃል የለም። ጽዳት የሚልም የለም። ጠራርጎ ያጸዳው ማስታወቂያውን ነው።

ሮጬ ገባሁ። «አንተ እንዳላማው፣ ቆሻሻው የታለ?»

«እትዬ፣ እንደዚያ ያለ ቃል ማኅተም ካለበት ወረቀት ላይ አይወርድም» አለኝ። «የገባው ይገባዋል።»

የገባውማ ገባው። በእኛ አገር ማኅበር ሲባል ሰው የሚያስበው ጽዋ ማኅበርን ነው። በየወሩ በቅዱሱ ቀን በተራ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ዳቦ ይቆርሳሉ፣ ጠላ ይጠጣሉ፣ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ተረኛው ጽዋውን ወደ ቤቱ ይወስዳል። ማስታወቂያውን ያነበበ ሁሉ መንግሥት ለጽዋ ማኅበሮች ልቡ ራራ ብሎ ተሰለፈ። የሚካኤል ማኅበር መጣ፣ የባለ ወልድ ማኅበር መጣ፣ ሰንበቴው መጣ። የእድር ዳኞች ሳይቀሩ «እኛስ ተካፍለን አልኖርንም ወይ?» ብለው መጡ። በመጨረሻ የመድኃኔ ዓለም ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ አካለ ወልድ ራሱ በሚኒባስ መጣ። ባለ ሆቴል ነው። ከከተማው ቆሻሻ ግማሹ የሚወጣው ከእሱ ወጥ ቤት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እንዳላማው የመድኃኔ ዓለም ማኅበር አባል ለመሆን የማይቧጥጠው ነገር አልነበረም። ማኅበሩ የትልልቆቹ ነጋዴዎች ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። «መጤ ነህ» ብለው ስንት ጊዜ መልሰውታል። በማኅበሩ ቀን አዲስ ጋቢ ለብሶ በተረኛው ደጅ ሦስት ጊዜ አራት ጊዜ ያልፋል፤ ግባ የሚለው ሲጠፋ ጉሮሮውን እየጠረገ ይመለሳል። በልጅነቱ ደጅ ቆሞ ሲለምን አላፈርኩበትም። ያንን ጊዜ ግን አፈርኩበት።

አካለ ወልድ መጥቶ ሲመዘገብ የእንዳላማው ፊት እንዴት እንደበራ አየሁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩ ስሕተት ነበር። ከዚያች ሰዓት በኋላ ስሕተት አልነበረም።

ኮሚቴው ተቀመጠ። እንዳላማው መነጽሩን ሰክቶ መስፈርቱን ማንበብ ጀመረ።

«ማኅበሩ የቆየበት ዘመን። ንጋት፣ ሁለት ዓመት። መድኃኔ ዓለም፣ ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ። ሙሉ ነጥብ።»

«ቆይ» አልኩ። «ይህ ማኅበር ቆሻሻ ሰብስቦ ያውቃል?»

«እትዬ፣ እሱ በኋላ ይመጣል፤ ተራውን ይጠብቁ። ቋሚ የስብሰባ ልማድ። ንጋት ስብሰባ አያውቁም፣ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ናቸው። መድኃኔ ዓለም አንድ ወር አጓጉሎ አያውቅም። ሙሉ ነጥብ። መተዳደሪያ ደንብ። በመድኃኔ ዓለም የቀረ አባል ጧፍ ይቀጣል፤ ደንብ ማለት ይህ ነው። የአባላት መዋጮ። ንጋት የሚያዋጡት ጉልበታቸውን ብቻ ነው። መድኃኔ ዓለም ዳቦና ጠላ። ሙሉ ነጥብ።»

«አሁንስ ደረሰ? የጽዳት ልምዳቸውን ንገረኝ!»

መነጽሩን አወለቀ። «ከእያንዳንዱ ዝክር በኋላ» አለ ረጋ ብሎ፣ «ግቢው ይጠረጋል።»

ሳቅ ይመጣል ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ማንም አልሳቀም። ከጤና ጽሕፈት ቤት የመጣው ሰውዬ እስክሪብቶውን ይጠባል። የሴቶች ጉዳይ ተወካይ ተብላ የመጣችው ልጅ ስልኳን ትነካካለች፤ የአካለ ወልድ የእህት ልጅ ናት። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ምሳ ሰዓት እንዳያልፍበት በመስኮት ፀሐይዋን ያያል። «እንዳላማው» አልኩት፣ «እግዚአብሔርን ፍራ። ግቢውን የሚጠርጉት እኮ የማኅበሩ ሰዎች አይደሉም፣ ሠራተኞቻቸው ናቸው። ይህች ሴት በጀርባዋ እየተሸከመች ልትሰበር ነው።»

«ማኅበር ማኅበር ነው፣ እትዬ። ቃሉ አንድ ነው። የወጣውን ማስታወቂያ ማጠፍ የመንግሥትን ቃል ማጠፍ ነው» አለ።

ለንጋት ይሰጥ የምትሉ እጅ አውጡ ተባለ። የእኔ እጅ ብቻውን ቀረ። ለሚመጣው ዓመት ደግሞ የነጋዴው ተወካይ የሥራ ዘመን አብቅቷል ተባልኩ። የእነሱ ዘመን ግን አላበቃም።

እንዲህ ሆኖ ፈረሱና ጋሪው አካለ ወልድ ግቢ ገባ። ለቆሻሻ ማጠራቀሚያ የመጡት ሰማያዊ በርሜሎች «ከተማዬን አጸዳለሁ» የሚል ተጽፎባቸው ነበር። በመጀመሪያው የማኅበር ቀን በርሜሎቹ ጠላ ተሞልተው፣ በዚያው ጋሪ ተጭነው በሱቄ ደጅ አለፉ። ከኋላ ከኋላ እንዳላማው ይከተላል፤ ጋቢው ነጭ፣ ጫማው ንጹሕ፣ አዲስ አባል። እኔን ሲያይ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አለኝ። ዞሬ ጨው መዘንኩ። የብርጓል በዚያው መንገድ ጆንያዋን አዝላ እየመጣች ነበርና ለጋሪው መንገድ ለቀቀች።

ያ ሰውዬ ከዚህ በታች አይወርድም ብዬ ነበር። ወረደ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ከባሕር ዳር ስልክ ተደወለ። ሃኒ የምትባል የድርጅቱ ሠራተኛ ድጋፉ ምን እንደሠራ ለማየት ካሜራዋን ይዛ ትመጣለች ተባለ። እንዳላማውን ላብ አጠመቀው። ምን ያሳያታል? አካለ ወልድ ጋቢውን አጣፍቶ ቆሻሻ ሲያፍስ? በማግስቱ በጠዋት የብርጓል ደጅ ሄደ። እንዴት እንደለመናት ነግራኛለች። «አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ፈረሱን ይዘሽ ትውያለሽ፣ ፎቶ ትነሻለሽ። የሚመጣው ዓመት ድጋፍ ያንቺ ነው፤ በመድኃኔ ዓለም!» አላት።

«አታድርጊው» አልኳት።

«እትዬ» አለችኝ፣ «አንድ ቀንስ ቢሆን ወገቤ ይረፍ። ደግሞ በመድኃኔ ዓለም ምሎልኛል።»

በዚያ ቀን ያየሁትን አልረሳም። የብርጓል ጋሪው ላይ ቁጭ ብላ፣ ነጠላዋን አገልድማ፣ ልጓሙን ይዛ መጣች። ሴቶቹ ጆንያውን ከየቤቱ እያወጡ ወደ ጋሪው ይወረውራሉ። ከጠዋት እስከ ማታ የሚፈጀው ሥራ ቀትር ሳይሆን አለቀ። ዳገቱን ፈረሱ ወጣው፤ የብርጓል ከጎኑ ቀና ብላ ወጣችው። ቀና ብላ ስትሄድ አይቻት ስለማላውቅ መጀመሪያ ሌላ ሴት መስላኝ ነበር። ደስ አለኝ፤ ደግሞም አንጀቴ አረረ። ይህን ለመስጠት ምን የሚያቅት ነገር ነበረው?

ሃኒ ደህና ልጅ ናት፤ የሚነግሯትን ታምናለች። ሱቄ ፊት ለፊት ፎቶ አነሳቻትና «የድጋፉ ተጠቃሚ እርስዎ ነዎት?» ብላ ጠየቀቻት። የብርጓል አፏን ሳትከፍት እንዳላማው ቀደማት። «አዎን፣ የተደገፈችው ይህቺ ናት» አለ። ይህን ሲል እኔን እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። «ውሸት ነው!» ብዬ ከሱቄ ብወጣ፣ የብርጓል በዓይኗ ለመነችኝ፤ የሚመጣው ዓመት ጋሪ በዓይኗ ውስጥ ነበር። ኃላፊው ደግሞ ልጅቷን በክንዷ ይዞ «ምሳ ቀዝቅዟል» እያለ ወደ መኪናው ወሰዳት። ምሳው አካለ ወልድ ሆቴል ነበር። ከምሳ በኋላ የሆቴሉ ሰው መጥቶ ፈረሱን ከእጇ ተቀበላት።

ክረምቱ ከባድ ነበር። የብርጓል ሁለተኛዋን ልጇን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ ብላ አንድ ቀን አላረፈችም። በነሐሴ ዳገቱ መካከል ላይ ጆንያውን እንዳዘለች ተቀመጠች፤ ሴቶቹ ጎትተው አነሷት። ከዚያ ወዲህ ግራ እግሯ ይጎተታል። ያለ ብትር አትራመድም። «ግድ የለም» ትላለች፤ «ጋሪው ይምጣ እንጂ ተቀምጬ እነዳለሁ።»

መስከረም ላይ ማስታወቂያው ወጣ። ከባሕር ዳር ተቆጥተው ነው መሰል በዚህኛው ቆሻሻ የሚለው ቃል ተጽፏል። ይዣት ሄድኩ። ደረጃውን በአንድ ወገን እኔን፣ በሌላው ብትሯን ይዛ ወጣች። እንዳላማው ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ከበላዩ ግድግዳው ላይ ትልቅ ሆኖ የታጠበ ፎቶ ተሰቅሏል፤ የብርጓል ጋሪው ላይ፣ ልጓሙን ይዛ፣ እየሳቀች።

«መጣሁ፣ ጋሽ እንዳላማው» አለች። «እንደማሉልኝ።»

«ምን ላድርግ የብርጓል» አለ፣ ወረቀቱን እያስተካከለ። «አዲስ መመሪያ መጥቷል። አንድ ጊዜ የተደገፈ ዳግም አይደገፍም።»

«መቼ ተደገፍኩ?»

ዞሮ ወደ ግድግዳው አመለከተ። «ያቺ አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ባሕር ዳር ያለው መዝገብም ይህንኑ ነው የሚለው። እንግዲህ ተደግፈሻል ማለት ነው።»

ልሰድበው የምችለው ስድብ ሁሉ አንሶ ታየኝ። የብርጓል ግን በሁለት እጇ ወደ ጨበጠችው ብትር ጎንበስ ብላ አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ እሱን አየችው።

«አዎ፣ ተደግፌያለሁ» አለች። «ተደግፌ ባይሆን ኖሮ ቆሜ አልሰማዎትም ነበር።»

የሚያፍር መስሎኝ ፊቱን አየሁት። ዓይኑ በደስታ በራ። ወንበሩን ገፍቶ ብድግ አለና ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «ይበል! ይበል! ይህ ነው ቅኔ፣ እትዬ፤ ሰሙን አዩት? ወርቁን አዩት?» እያለ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ተቀመጠና የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ጠራ።